ሰባት ቤት ቆጥረን ነበር

ጥቅምት 8 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ይሄ ደብተር የአይጥ መዝገብ ነበር። ማተሚያ ቤቱ መስመሩን አጣሞ ስላተመው አለቃችን ጓድ ቦጋለ ይቃጠል አለ፣ እኔ ደግሞ በቦርሳዬ ይዤው ወጣሁ። ወረቀት በጠፋበት አገር ወረቀት ማቃጠል ምን የሚሉት ጥጋብ ነው።

ሁንዴሳ መስከረም 9 ወደ አስመራ ሲመለስ፣ የቀረብኝን ቀን ሁሉ ጽፈሽ አቆዪልኝ፣ ስመጣ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ ብሎኝ ነበር። ዕረፍቱ አሥር ቀን ብቻ ነበረች፤ ከሷም ሁለቱን ቀን በመንገድ ጨረሰ። ይኸው ወር ሊሞላ ነው፣ ምን እንደምጽፍለት ጠፍቶኝ ከረመ። ልጃችን ሌንሴ ዛሬም አልተራመደችም ብዬ ልጀምር? ባሌ ድሬሰር ነው፣ ቀን ሙሉ የወታደር ቁስል ሲያጥብ ይውላል። በዚያ ላይ የኔን እንጉርጉሮ ያንብብ?

በአይጥ ልጀምር። ክትባት የሚሞከርባቸውን ነጫጭ አይጦች የማረባው፣ ሲታረዱም አካላቸውን በስሱ ቆርጬ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስላይድ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ። ሰሞኑን ሳጥን 14 ውስጥ ከተወለዱት ስምንት ግልገሎች ሁለቱ መሄድ አቃታቸው። ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ዓይናቸው ተገልጧል፣ ግን ሁለት እርምጃ ሄደው በጎናቸው ይወድቃሉ፤ ይነሣሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ ይወድቃሉ። ጓድ ቦጋለ እንደ ደንቡ ይወገዱ አለ። ተመራማሪያችን ዶክተር ሙሉሰው ደግሞ ሌኒንግራድ ተምሮ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እነዚህን ማንም እንዳይነካብኝ» አለ።

ወደ ቤት ስመለስ ሌንሴ ከድጃ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ከድጃ ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ ኑሪ ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት ሱቅ አለው፤ ልጄን ከአራት ልጆቿ አምስተኛ አድርጋ ታውልልኛለች። ከኋላዋ በትራስ ደግፋታለች። ልጄ አምስት ዓመቷን ጨርሳለች። ሳያት ጭንቅላቷ ወደ እኔ ዞረ፣ መሃል መንገድ ላይ ተንገዳገደ፣ ደረሰ።

ጥቅምት 11፣ ዓርብ

ችኮላ ነው። ሌንሴን በሽታው ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጣላት። ሥራ አረፈድኩ። የቆረጥኩት አካል እንዳይበሰብስ የምነክርበት ፎርማሊን አዲስ ነው መሰለኝ ሽታው አናቴ ላይ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ወጥቼ አስመለስኩ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው።

ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት፣ አይጥ ቤት

ሁሉም ለምሳ ወጥቷል፤ እኔ ምግብ አስጠልቶኛል። ዶክተሩ ዛሬ የነገረኝን ሳልረሳው ልጻፈው።

ከሁለቱ ተንገዳጋጆች የአንዱን አንጎል እንድቆርጥለት አዘዘኝና አጠገቤ ቆሞ እያየ፣ «ገዲሴ፣ አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ስቆርጠው እንጂ ሲሠራ አላየሁም አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ ነገረኝ።

ፅንሱ ሆድ ውስጥ እያለ የአንጎል ሴሎች የሚወለዱት ከውስጥ፣ ከሥር ነው። የሚኖሩት ግን ላይ፣ ከዳር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ከተወለደበት ተነሥቶ መጓዝ አለበት። ከታች እስከ ላይ የተወጠረ ቀጭን ክር አለ፤ እሱን እንደ ገመድ ይዞ ይወጣል። የሚገርመው ደግሞ፣ ቀድሞ የወጣው ከታች ይቀመጣል፣ ኋላ የመጣው የቀደመውን አልፎ ከላይ ይሰፍራል፤ ከሱ ኋላ የመጣውም እሱን አልፎ። ይሄማ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ቢሆን ደም ይፈስ ነበር አልኩት። አንጎል ውስጥ ግን የቀደመው ዝም ብሎ ያሳልፋል አለ።

ማን ነው ታዲያ እለፍ፣ እዚህ ቁም የሚላቸው ብዬ ጠየቅኩ። ጂን ነው አለ፤ ከወላጅ የተወረሰ ትእዛዝ፣ አንድ ቅጂ ከአባት፣ አንድ ቅጂ ከእናት። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይሠራል፣ ሰውየውም ምንም አይታወቀው። ሁለቱም የተበላሹ ቅጂዎች አንድ ፅንስ ላይ ሲገናኙ ግን ሴሎቹ መንገድ ይወጣሉ እንጂ ቦታቸውን አያገኙም። የቀደሙት ላይ ተደፍነው ይቀራሉ፣ ኋለኞቹ ከሥራቸው ይከማቻሉ። እንዲህ ዓይነት አይጦች ውጭ አገር ከታወቁ ቆይቷል፤ የትኛው ጂን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያገኘው የለም አለ።

ከዚያ ያልጠየቅኩትን ነገር መለሰልኝ። «እናቲቱ በበላችው ወይ ባሸተተችው የመጣ አይደለም» አለ፣ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሣ። ስለ ሌንሴ ነግሬው አላውቅም። በዚህ ግቢ ውስጥ ግን የማይወራ ነገር የለም።

ሁንዴሳ፣ እናትህ ያለችኝን አልረሳሁም። ሌንሴ በተወለደች በዓመቷ፣ ጓዳ ያለሁ መስሏት ለእህትህ፣ የሬሳ ሽታ ስትምግ ከርማ ምን ልትወልድ ኖሯል ስትል ሰማኋት። እስከ ስምንተኛ ወር እርግዝናዬ ድረስ ፎርማሊን ላይ ቆሜ ነበር። ትርፍ ሰዓት ይከፈል ስለነበር አልቀርም ብዬ። አምስት ዓመት ሙሉ ልጄን ባጠብኳት ቁጥር ያቺን ትርፍ ሰዓት አስባታለሁ። ዛሬ ሰውየው ከትከሻዬ ላይ አነሣልኝ፣ እኔም ሄጄ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አለቀስኩ። ሰሞኑን ለምን እንደሆነ እንጃ እንባዬ ቅርብ ሆኗል።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

ማቅለሽለሽ። ከድጃ ዝንጅብል አፍልታ ሰጠችኝ፣ ምንም ሳትጠይቅ። አመጣጧ አላማረኝም።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

ስላይዶቹ ደረሱ። ዶክተሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየኝ። የጤነኛው አንጎል ውስጥ ሴሎቹ ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። የተንገዳጋጁ ያው ሴል ነው፣ ቁጥሩም ብዙም አልጎደለ፣ አንዱም አልሞተ፤ ተገልብጦ ተዘባርቋል እንጂ። የሚያሳዝነው ይሄ ነው። ሁሉም መጥተዋል፣ ሰንፈው የቀሩ የሉም።

የሳጥን 14ን ወላጆች ጠየቀኝ። መዝገቡን አየሁት፤ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። እንዲያ ነው አለ፣ የተበላሸ ቅጂ ተደብቆ ስንት ትውልድ ይሄዳል፣ ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ ይወጣል። ከዚያ መነጽሩን ጠረገ። አንቺና ባለቤትሽ ትዛመዳላችሁ ወይ አለኝ በጣም ቀስ ብሎ።

ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ደረቴን ነፋሁ። አባቴ ቱሉ የጎሣው ቆጣሪ ነው፤ ፉሪ አካባቢ ሰው ሳይጋባ እሱ ዘንድ ሄዶ ነው ዘር የሚያስቆጥረው። እኔንና ሁንዴሳን ሲያጋባ ሽማግሌ ፊት ቆሞ በኔ በኩል ሰባት ቤት፣ በሱ በኩል ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ቆጠረ፤ የትም አልተገናኘንም። ይሄን ሁሉ ነገርኩት። እሱም፣ «እንግዲያው ጥሩ ነው» አለና ወደ ስላይዱ ተመለሰ። ፊቱ ላይ ግን ጥሩ ነው የሚል ነገር አልነበረም።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ደብዳቤህ መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሌንሴም አንዴ አነበብኩላት። ጉንጯን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ሽታህን ፈልጋ ይሆናል፣ እኔም ፈልጌ ነበር፣ የአዮዲን ሽታ ብቻ ነው ያለው።

አስመራ ብርድ መግባቱን፣ ካልሲ እንድልክ፣ የሌንሴን እግር በዘይት ማሸት እንዳልተው ጽፈሃል። መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል፣ የመስከረሙን ነገር አልረሳሁም፣ እግዜር ቢሰጠን ሌንሴ ወንድም ወይ እህት ታግኝ፣ እኛ ስናልፍ ብቻዋን እንዳትቀር ብለሃል።

ቁጭ ብዬ ስንት ቀን እንደሄደ ልቆጥር ጀመርኩና ተውኩት። ድካም ነው። ሴት ስትጨነቅ ይዘገያል፣ ሐኪም ቤትም ይሉታል።

ናፍቀኸኛል። ሌላ ምንም ቃል አላገኘሁለትም። አልጋው ላይ በአንተ በኩል መተኛት ጀምሬአለሁ፣ የኔ ጎን ባዶ ሆኖ እንዲታየኝ።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ኅዳር ሲታጠን። ጎፋ በሙሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ደጃፉ ላይ አነደደ፣ ሰፈሩ ጭስ በጭስ ሆነ። የጎማ ሽታ ሲመጣብኝ አጥሩን ይዤ አስመለስኩ። ከድጃ ጀርባዬን ደገፈችና፣ «ወላሂ ገዲሴ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አለች። ጭሱ ነው አልኳት። «አዎ፣ የመስከረም ጭስ ነው» ብላ ልጆቿን ሰብስባ ገባች።

ይሄን ገጽ ለሁንዴሳ አላሳየውም።

ኅዳር 18፣ እሑድ

ፉሪ ሄድኩ። አባዬ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። የሰባት ቤቱን ቆጠራ እንደገና ቁጠርልኝ አልኩት። ደስ አለው፣ ቁጠርልኝ የሚለው ሰው ድሮ ቀርቷል። ቱሉ፣ ጉደታ፣ ሰንበቶ እያለ በእኔ በኩል ወጣ፤ ኢታና፣ በዳዳ፣ ጅሩ እያለ በሁንዴሳ በኩል ወጣ።

ስለ አይጦቹ ነገርኩት። መጀመሪያ በአይጥና በሰው ሳቀ። ከዚያ፣ አባዬ፣ ከነዚህ አባቶች አንዱ በሥጋ ሌላ ቤት የተወለደ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እንዲሁ ነው ያልኩት፤ ዶክተሩ መዝገብ ይሳሳታል ብሎኝ ስለነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቆጠራዬ ላይ እንከን ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም፣ የተማርሽው አባትሽን ለማዋረድ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ዱላውን አንሥቶ ወደ ከብቶቹ ሄደ። በሰማንያ ዓመቱ እንዲያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም።

ሳይሰናበተኝ መጣሁ። ምን ነክቶኝ ነው ሽማግሌ ያስቀየምኩት።

ኅዳር 26፣ ሰኞ

ዛሬ ሰኞ ስለሆነ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበር። ጓድ ቦጋለ ስለ ምርት ዕድገት ሲያነብ እኔ በእርሳስ አይጥ ስቆጥር ዋልኩ። ከሳጥን 14 ወላጆችና ከቤተ ዘመዶቻቸው እስካሁን አርባ አንድ ተወልደዋል። አሥሩ ተንገዳጋጅ። ሠላሳ አንዱ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ።

ከአራት አንድ ማለት ነው። አራት ቢወለዱ አንዱ ይታመማል፣ ሦስቱ ይድናሉ ማለት ነው ወይ ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኩት። አይደለም አለ። ለእያንዳንዱ ግልገል ዕጣው እንደ አዲስ ነው የሚወጣው፤ የፊተኛው ስለታመመ የኋለኛው ይተርፋል ማለት አይደለም።

ለማን ነው የምጠይቀው። ለአይጥ ነው።

ታኅሣሥ 2፣ እሑድ

አባዬ ከፉሪ በእግሩ መጣ። ሳይነግረኝ። ሌንሴን ተቀብሎኝ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፣ በትልቅ እጁ ጭንቅላቷን ደገፈላት። ወተት ሰጠሁት፣ አልጠጣም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ።

አያቴ ጉደታ የሰንበቶ ልጅ አልነበረም። ሰንበቶ ልጅ አልወልድ ብሎት፣ ከአዋሽ ማዶ ከጅሩ ቤት የአርባ ቀን ሕፃን በጉዲፈቻ ወሰደ። ዘመድ ተሰብስቦ ማለ። ከዛሬ ወዲያ ይህ ልጅ የሰንበቶ ነው፣ ሌላ አባት አለው ያለ ምላሱ ይቆረጥ ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት የጅሩን ስም በጉደታ ላይ ያነሣ የለም። ሁንዴሳ፣ ጅሩ ደግሞ የአንተ ቅድመ አያት ነው። የአንተ በዳዳና የእኔ ጉደታ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው።

በሰባት ቤት እንጠነቀቃለን ብለን ሦስተኛው ቤት ላይ ተገናኝተናል።

ሲያጋባን ያውቅ ነበር ወይ አልኩት። ያውቅ ነበር። ለምን ታዲያ አልኩት፣ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «አባቴን የሌላ ሰው ልጅ ነው እንድል ነበር የፈለግሽው? ቃል ደም ይለውጣል ብዬ ነው፣ ልጄ። እንዲያ ብለው ነው ያሳደጉኝ» አለ። ሌንሴ ጢሙን ይዛ ነበር። እሱም እንድትለቀው አላደረገም። የዚህችን ጥፋት ያመጣሁት እኔ ነኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ በሕይወቴ አባቴ እኔን ጠይቆኝ አያውቅም።

አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ የአይጥ ነው የማውቀው። ግን ደግሞ አንተ አይደለህም ልለው ይገባ ነበር፤ አላልኩትም። ተናድጄ ነበር። ካሁን አሁን ይጠጣዋል ያልኩት ወተት እንደተቀመጠ ሄደ።

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ

ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው። ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

ፈቃድ ጠይቄ ከሥራ ቀረሁ። ከጎፋ ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ አንዲት ሴት ዘንድ ጉዳይ ነበረኝ። ድሮ ሆስፒታል የሠራች ናት፣ ንጹሕ ናት ብለውኛል። ከድጃ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ሌንሴን አዝዬ ሄድኩ።

በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ሦስተኛው ላይ እጄን አነሣሁ። ሴትዮዋ ከፍታ፣ ለምንድን ነው የማትፈልጊው ብትለኝ ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ። እንደዚች እንዳይሆንብኝ ልላት ነው። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና፣ ትንፋሿ አንገቴ ላይ እየሞቀኝ። ሌንሴ አትናገርም እንጂ ትሰማለች። እኔ ስዋሽ ታውቃለች፣ እኔ ስስቅ ቀድማኝ ትስቃለች።

ተመለስኩ። መንገድ ላይ ብርቱካን ገዛሁላት፣ ሱሪዬ ድረስ አጨቀየችው።

ታኅሣሥ 19፣ ረቡዕ፣ ገብርኤል

ብስራተ ገብርኤል ሄጄ ነበር፣ ሌንሴን አዝዬ። ሕዝቡ እንደ ጉድ ነው። ሌላ ጊዜ፣ ልጄን አስኪድልኝ፣ ጃንጥላ አገባልሃለሁ ብዬ ነበር የምሳለው። ዛሬ ምን ልለምን እንደሆነ ጠፋኝ። ዶክተሩ እንዳለው ከሆነ ዕጣው ወጥቷል፣ በመስከረም አልቋል። ያለቀ ነገር ይለመናል እንዴ? ግን ቆሜ ቀረሁ፣ ከንፈሬም ዝም አላለም። ሁንዴሳን በደህና አምጣልኝ አልኩ። እሱ ገና አላለቀም።

ስወጣ አንዲት አሮጊት ሌንሴን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፤ እግዜር ይሰውርሽ አለችኝ። እኔም ለአንቺም አልኳት። ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው።

ታኅሣሥ 28፣ ዓርብ

የአይጥ መኖ ስለቀነሰ ለክትባት የማይጠቅም ዘር እንዲወገድ የጓድ ቦጋለ ደብዳቤ መጣ። ዶክተር ሙሉሰው ሁለት ጊዜ ወደ ቢሮው ገብቶ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ «ሁሉንም» አለኝ።

ቀጥ ብለው የሚሄዱትንም ማለት ነው፣ ከነሱ ማን ቅጂውን እንደያዘ አይታወቅማ። የሚገደሉበትን የክሎሮፎርም ማሰሮ እኔ ነኝ የያዝኩት፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም ብዬ። በዚህ ደንብ ቢሆን እኔም ሁንዴሳም ማሰሮው ውስጥ ነን። ተንገዳጋጆቹን መጨረሻ አደረግኳቸው። አንዷ እጄ ላይ ለመቆም ሞከረች።

ሲያልቅ እጄን ታጥቤ ዶክተሩን በቀጥታ ጠየቅኩት። ልጄ እንደነሱ ናት ወይ? ሰው አይጥ አይደለም አለ፤ ሌንሴን የጎዳት ይሄ ይሁን ሌላ የሚያይበት መሣሪያ በዚህ አገር የለም። ከሆነ ግን ለሚመጣው ልጅ ከአራት አንድ ነው። ካልሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም። ከዚያ ሆዴን ሳያይ፣ «ከነገ ጀምሮ ፎርማሊን ክፍል አትገቢም። መዝገብ ትይዣለሽ» አለ። ፎርማሊን አያደርግም ብለውኝ አልነበረም ወይ ስለው፣ እንዲያም ቢሆን አለ።

ጥር 6፣ ቅዳሜ

ለሁንዴሳ ጻፍኩለት። ሁሉንም። ጉደታን፣ ጅሩን፣ አይጦቹን፣ ሆዴን፣ ሰማያዊውን በር። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፤ አራት ገጽ ሆነ። የሥጋ ዘመዴ ነህ፣ እናትህ ብትሰማ ታፋታናለች፣ ቄሱም ቢሰማ እንዲሁ፣ አንተም ብትሄድ አልፈርድብህም አልኩት። እንደማልፈርድበት ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜ ልቅደደው ብዬ ነበር። ሌንሴ ከጀርባዬ ላይ እ አለች። ከተትኩት።

ጥር 21፣ እሑድ

ፉሪ ሄድኩ፣ አባዬን ይቅርታ ልለው። እሱ ቀደመኝ። አንተ አይደለህም አልኩት፣ አንተም እኔም ማንም አይደለንም፣ ከጅሩም በፊት የነበረ ነገር ነው፣ ማንም ሳያውቀው እጅ በእጅ የመጣ። ገባው አልገባው እንጃ። ግን የሚመጣውን ልጅ ልቁጠርለት አለ። ሁንዴሳ፣ ኢታና፣ በዳዳ፣ ጅሩ አለ። ከዚያ በእናቱ በኩል ገዲሴ፣ ቱሉ፣ ጉደታ ብሎ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሰባ ዓመት የታሰረ ምላስ ነው። «ጉደታ፣ ጅሩ» አለና ወደ ግራና ቀኝ አየ፣ ምላሱን የሚቆርጥ ሰው የመጣ ይመስል።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ተላወሰ። አንዴ ብቻ፣ ውስጤ የሆነ ነገር እንደመዞር አለ። ሌንሴም ሆዴ ውስጥ እንደዚሁ ነበረች፤ በዚህ ምንም አይታወቅም።

የካቲት 3፣ ዓርብ

ደብዳቤ የለም።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ደብዳቤ የለም። ሰው ሁሉ ስለ ሽሬው ጦርነት ያንሾካሹካል፤ ሬዲዮው ግን ዘፈን ብቻ ነው። ኑሪ ሱቁ ውስጥ ድምፁን ቀንሶ የውጭ ጣቢያ ያዳምጣል፣ እኔ ስገባ ያጠፋዋል። ስንት ዓይነት አሳቢነት አለ። አራት ገጹን ደግሜ ደጋግሜ በልቤ አነባለሁ። ያንን «ብትሄድ አልፈርድብህም» የሚለውን ምን ቆርጦኝ ጻፍኩት።

የካቲት 22፣ ረቡዕ

በክራንች የሚሄድ ወታደር ቤት ድረስ መጣ። ቦታውን ለማግኘት ከጎፋ እስከ ብስራተ ገብርኤል ሲጠይቅ ነው የዋለው። ቁስለኛ ሆኖ በአውሮፕላን ነው ከአስመራ የወጣው፤ ከመውጣቱ በፊት ሁንዴሳ ቁስሉን አጥቦለት ደብዳቤውን በፋሻው ውስጥ ሸሽጎለታል። ጥር 24 የተጻፈ ነው። ከዚያ በኋላ የሁንዴሳ ክፍል ወደ ሽሬ በኩል ተነሣ፣ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም አለኝ ሰውየው፣ መሬት መሬት እያየ። ምሳ አበላሁት። ሲሄድ ሌንሴን ግንባሯን ሳማት፤ አባትሽ ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም አላት።

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ነው። እንዳለ ልገልብጠው፣ ወረቀቱ ደም ነክቶታል፣ ሊጠፋ ይችላል።

«ገዲሴ፣ አራቱም ገጽ ደረሰኝ። በጅሩ በኩል ዘመዴ ከሆንሽ እንግዲህ ከሁለት በኩል ነሽ፤ ከአንዱ ብታባርሪኝ በሌላው እመለሳለሁ። አባትሽን እንዳትቆጪው። ከአራት አንዱ ብለሽ ፈርተሽ ጻፍሽልኝ። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት። አንዷ ሌንሴ ናት አይደል? ሌላ የሚያስፈራ ነገር ካለ ንገሪኝ። ሰማያዊው በር ላይ ብቻሽን ቆመሽ እኔ አጠገብሽ አልነበርኩም፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ። ሁንዴሳ።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ለሱ ቀላል ነው፣ እሱ አያዝል፣ ሌሊት ስትወድቅ እሱ አይዛት። ወረቀቱን አጣጥፌ ድስት ማጠብ ጀመርኩ። አንዱን ድስት ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ከዚያ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ሌንሴ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጇን ይዤ ሆዴ ላይ አደረግኩት።

ጣቶቿ ቶሎ አይዘረጉም፣ አንድ በአንድ ነው። ቆየን። ሲላወስ እጇን ሳብ አደረገች፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ራሷ፣ ማንም ሳይይዛት፣ እጇን ወደ ሆዴ መለሰች። መሃል ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ ጉልበቴን ነካ፣ ተነሣ፣ እንደገና ሄደ። አልረዳኋትም። ደረሰች።

ሁንዴሳ፣ ይሄንን ስትመጣ ታነበዋለህ። የመጀመሪያውን ገጽ ዝለለው፣ ከዚህ ጀምር።